ስጥ ላይ ያገኘሁት የመስቀል ወፍ

ነገሩ የጀመረው ጳጉሜ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ሱሉልታ፣ እናቴ ቤት፣ በጓሮው አጥር ሥር ክረምቱን ሙሉ ያደገው ሣር ወገብ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። «ግቢው እንዲህ ጫካ ሆኖ ዓመት አይለወጥብኝም» አለች እማዬ። እኔም ለበዓሉ ከአዲስ አበባ መጥቼ ስለነበር ሣር የሚያጭዱ አንድ የሰፈር ሽማግሌ አስጠራሁ። አባባ ማጭዳቸውን ስለው፣ የዝናብ ጫማቸውን አድርገው ገቡ። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ለዶሮው ሽንኩርት እከትፋለሁ።

ጥቂት ቆይቶ የማጭዱ ድምፅ ቆመ። «ልጄ፣ እስኪ ነይ» አሉኝ።

በግራ እጃቸው ከጨበጡት ሣር መካከል ክብ፣ ከቡጢ ብዙም የማትበልጥ ጎጆ ተንጠልጥላለች። ግድግዳዋ በጥሬ ሣር የተሸመነ ነው፤ በሯ በጎኗ ነው፤ ከበሩ በላይ ሣሩ እንደ ቤት ክፈፍ ወጣ ብሎ ዝናብ እንዳይገባ ከልሏል። ውስጧን በሣር አበባ ጎዝጉዘዋታል። በጉዝጓዙ ላይ ሦስት እንቁላሎች ነበሩ፤ ፈዛዛ፣ ቡናማ ነጠብጣብ የተረጨባቸው፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ጥቂት ከፍ የሚሉ። አንዱ ተሰንጥቆ ፈሳሹ ሣሩ ላይ ወርዷል።

«የመስቀል ወፍ ናት» አሉ አባባ።

«የመስቀል ወፍማ ገና አልመጣም። መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ተኩል ይቀረዋል እኮ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ከየት ነው የሚመጣው? የት ሄዶ ያውቅና?»

ጎጆዋን በሲባጎ ከአጥሩ ጋር አስረን ራቅ ብለን ጠበቅን። አንዲት ቡናማ፣ ድንቢጥ የምትመስል ወፍ መጣች፤ ሣሩ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ሽቦው ላይ ቆማ ቁልቁል ተመለከተች። ከዚያ ሄደች። እስኪመሽ ጠበቅኳት። በማግስቱም፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋትም ሄጄ አየሁ፤ እንቁላሎቹ ቀዝቅዘዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። እነዚያን ሦስት እንቁላሎች ከመሄድ ያገድኳቸው እኔ ነኝ። ሣሩን ማን እንዳሳጨደው ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

በዓሉ አለፈ፤ የአባባ ጥያቄ ግን አላለፈኝም። የት ሄዶ ያውቅና?

«የከርሞ ሰው ይበለን»

አደይ አበባና የመስቀል ወፍ ቀጠሮ አላቸው ይባላል። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ የሚታየኝ ወፉ ከሩቅ አገር፣ ምናልባት ከባሕር ማዶ፣ አበባው መፈንዳቱን ሰምቶ ሲገሰግስ ነበር። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድም «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። እማዬ ለኔም ትለኝ ነበር። በመኪና ብዙ በማይርቅ ከተማ እየኖርኩ የምጠይቃት ለበዓል ለበዓል ብቻ ስለነበር፣ በሩን ስከፍት «መጣችልኝ የመስቀል ወፌ» እያለች ነበር የምትስመኝ። በፍቅር ነው የምትለው፤ ውስጡ ግን ወቀሳ እንደነበረበት አሁን ይገባኛል።

በዚያው መስከረም ወንዱን አየሁት። ለደመራ ዋዜማ ነው፤ ከቤታችን በስተጀርባ ባለው ያልታጠረ ሜዳ ላይ፣ አደዩ ቢጫ ሆኖ በተነጠፈበት። መላ አካሉ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ትከሻውና ከጅራቱ በላይ ያለው ጀርባው ግን ሲያዩት ዓይን የሚወጋ ቢጫ። የጀርባውን ላባ እንደ ጥጥ ነፍቶ፣ ክንፉን እያንኳኳ፣ ከሣሩ በላይ በዝግታ ይንሳፈፋል፤ አንድ የሣር ራስ ላይ ያርፍና ሣሩ ሲጎብጥ እሱም አብሮ ይወዛወዛል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለችው፤ ለሰው እንደሚባለው አድርጋ።

የመስቀል ወፍ የሚባለው በየአገሩ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። በቆላውና በወይና ደጋው ቀይና ጥቁሩን ወፍ እንዲህ የሚሉት አሉ፤ ጅራቱ ከራሱ ቁመት የሚበልጠውንና መንቁሩ ቀይ የሆነውንም የሚሉ አሉ። በኛ ሰፈር ግን ስሙ የዚህ የቢጫና የጥቁሩ ነው። የወፍ አጥኚዎች ዩፕሌክተስ ካፔንሲስ ይሉታል፤ ከኛ ደጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ድረስ ይኖራል፤ የሳይንስ ስሙም ከኬፕ የተወሰደ ነው። በእንግሊዝኛ «ቢጫው ጳጳስ» ይሉታል። እኛም እነሱም ስሙን ከቤተ ክርስቲያን መውሰዳችን ደስ ይለኛል፤ እነሱ ካባውን አይተው፣ እኛ በዓሉን አይተን።

ጥቅምት አለቀ። ኅዳር ሲጋመስ ሜዳው ላይ አንድም ጥቁር ወፍ አልነበረም። እማዬ እንደ ልማዷ «ሄደ እንግዲህ፤ የከርሞ ሰው ይበለን» አለች። እኔም ከአባባ ጥያቄ ይልቅ እሷን አመንኩ። ምክንያቱም በዓይኔ አጥቼዋለሁ።

ስጡ

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ እማዬ ስንዴ አጥባ ጓሮ ሸራ ላይ አሰጣች። ስጥ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ከሁሉ የምጠላው ሥራ ይህ ነበር፤ ረጅም ዘንግ ይሰጡሽና ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ ወፍ ስታባርሪ ትውያለሽ። አሁን ግን ከከተማ ጥድፊያ ለመጣ ሰው እንደ ዕረፍት ነው። ዘንጉን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ።

ወፎቹ መጡ። ሃያ ይሆናሉ። ቡናማ፣ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ ያለባቸው፣ ማንም ሁለተኛ የማያያቸው ዓይነት፤ እማዬ በጅምላ «ድንቢጥ» የምትላቸው። መጀመሪያ አጥሩ ላይ ተደረደሩ፤ ከዚያ አንድ ደፋር ወረደ፤ ከዚያ ሁሉም። አንዱ ፍሬ መንቁሩ ውስጥ ሲሽከረከር ይታየኛል፤ ገለባውን ይጥለዋል፤ ሌላ ያነሳል። ትንሽ ልብላላቸው ብዬ ዝም አልኩ። እማዬ ከውስጥ «ዝም አልሽ፣ እያየሻቸው ነው?» ስትል ዘንጉን አነሳሁና «እሽ!» አልኩ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱ። በዚያች ቅጽበት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲሸሹ፣ ከሃያው አምስቱ ወይም ስድስቱ ላይ ከጅራታቸው በላይ ቢጫ በራ። ፀሐይ የተጫወተችብኝ መሰለኝ። አጥሩ ላይ አርፈው ክንፋቸውን ሲያጥፉ ቢጫው ጠፋ። ሃያ ቡናማ ወፎች ሆኑ።

ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እንደገና እስኪወርዱ ጠበቅኩ፤ ወረዱ። አንዱን ለይቼ ያዝኩት በዓይኔ። ሲበላ ቡናማ ነው። ሲራመድ ቡናማ ነው። ከጎኑ ያለው ሲገፋው ክንፉን ዘርጋ አደረገ፤ ያኔ ትከሻው ላይ እንደ እንቁላል አስኳል ያለ ቢጫ ታየና ወዲያው ተሸፈነ። ልቤ እንዴት እንደመታ ለመናገር ይከብደኛል። ሜዳው ላይ ነጠላ አጣፍተን የተሳለምነው ጌታ፣ ካባውን አውልቆ፣ ከደጃችን ስንዴ ይለቅማል።

«እማዬ! ነይ ቶሎ!»

«ምን ሆንሽ?» ብላ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች።

«አባሪያቸው። ግን ሲነሱ ጀርባቸውን እዪ።»

ሁለት እጆቿን አጨበጨበች፤ ወፎቹ ተነሱ፤ ቢጫው በራ። እማዬ እጆቿ እንደተጋጠሙ ቀረች። ብዙ ሰዓት የቆመች መሰለኝ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «እንዴ… ዕድሜዬን ሙሉ ሳባርረው የኖርኩት እሱን ነው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እኔም ልጅነቴን ሙሉ በዘንግ ሳባርረው የኖርኩት እሱን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ፤ እኛ ግን መዳብ ነው ብለን እንኳ አልቆጠርነውም፤ ድንቢጥ ብለን ደመርነው። በጥር «እሽ» የምንለውን በመስከረም «እንኳን አብሮ አደረሰን» እንለዋለን፤ ሁለቱ አንድ እንደሆኑ ያወቁት ደግሞ በቀን ሠራተኛነት ሣር የሚያጭዱልን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው የትም ሳይሄዱ፣ ወፉም የትም ሳይሄድ፣ በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ኖረዋል።

ያን ማታ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ነገሩ ለወፍ ተመልካቾች አዲስ አይደለም። ወንዱ ጥቁሩን የሚለብሰው ለመራቢያ ወቅት ብቻ ነው። ዝናቡ ሲቃረብ ቡናማ ላባው እየረገፈ በጥቁር ይተካል፤ ሣሩ ረዝሞ ጎጆ የሚሸከምበት፣ ነፍሳት የሚበዙበትና ለጫጩት ምግብ የሚትረፈረፍበት፣ ኋላም የሣሩ ዘር የሚደርስበት ጊዜ ነውና። የጎጆውን ግድግዳ የሚሸምነው ወንዱ ነው፤ ውስጡን የምትጎዘጉዘው ሴቷ። ወቅቱ ሲያልፍ ጥቁሩ ይረግፍና ወንዱ ሴቷንና ልጆቹን መስሎ በመንጋ ይዞራል። ትከሻውና ጀርባው ላይ ያለው ቢጫ ግን ዓመቱን ሙሉ አይለቀውም፤ ክንፉን ሲያጥፍ ይሸፈናል እንጂ። ሴቷ ይህም የላትም፤ ክረምት ከበጋ ያው ቡናማ ናት። ጳጉሜ ላይ ባዶው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ የዞረችው እሷ ነበረች።

ሰኔ ግም ሲል

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሱሉልታ መሄድ ጀመርኩ። እማዬ መጀመሪያ የታመምኩ መስሏት ነበር። አንድ የቆየ ባይኖክላር ገዛሁ፤ አንድ ደብተር ያዝኩ። ስለ ዱር እንስሳት ሲነሳ ሁላችንም ስሜን፣ ባሌ፣ ነጭ ሳር ነው የምንለው፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ክረምት ደግሞ የጭቃ፣ የብርድና ቤት የመዋል ጊዜ እንጂ የመውጫ ጊዜ አይመስለንም። እኔ ግን ከጓሮው የተማርኩት በዓመት ውስጥ ሕይወት እንደ ክረምት የሚጣደፍበት ጊዜ እንደሌለ ነው።

ደብተሬ ላይ ሰኔ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. «አንዱ ወንድ ደረቱ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ አለው» ይላል። በየሳምንቱ ነጥቡ እየሰፋ ሄደ። ሐምሌ ሲገባ ወንዶቹ ቡራቡሬ ሆኑ፤ ግማሽ ቡናማ ግማሽ ጥቁር፣ ልብሱን እየለበሰ በመሀል እንግዳ እንደደረሰበት ሰው። ሐምሌ ሲያልቅ ጥቁር ሆነው ጨረሱ። መስከረም ገና ነበር። አደይ ከመሬት አልወጣም። ቀጠሮው እኛ ከምናስበው ቀድሞ የተያዘ ኖሯል፤ እኛ የምንደርሰው መጨረሻው ላይ ነው።

እሱን ስጠብቅ ሌላውን አየሁ። ንጋት ላይ ከእንጦጦ በኩል እየጮኹ የሚመጡት ትልልቅ ወፎች፣ እማዬ ጋጋኖ የምትላቸው፣ ረጅም ቆልማማ መንቁራቸውን ርጥብ መሬት ውስጥ እየሰኩ ትልና ዕጭ ያወጣሉ። ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ነጭ ይታያል። ጩኸታቸው ከእንቅልፍ ስለሚቀሰቅሰኝ ስማረርባቸው ነበር የኖርኩት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም የትም እንደሌሉ ካነበብኩ በኋላ ግን ጩኸቱን ተኝቼ እሰማዋለሁ። ራስ ክምሩ ብርቱካንማ አበባውን ሲያወጣ ደግሞ ማር መጣጯ ወፍ ትመጣለች፤ ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ስትነካው ሐምራዊ ብረት ይመስላል። የዚህ ወፍ የሳይንስ ስም ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው፤ ወንዛችን በመላው ዓለም የወፍ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ሌሊቱ የእንቁራሪቶች ነው። እማዬ መብራት ስታጠፋ ይጀምራሉ፤ ዝናቡ ሲበረታ ዝም ይላሉ፣ ሲያባራ ከቆሙበት ይቀጥላሉ።

በሐምሌ የወንድሜን ልጅ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወሰድኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውስጥ ስልክ ላይ አፍጥጦ ነበር የሚውለው። ማዕከሉ ከእንጦጦ ጋራ ሥር፣ በሰሜን ምዕራብ አዲስ አበባ፣ 705 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው፤ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት። ባሕር ዛፉን እየቀነሱ አገር በቀል ዛፍ ያሳድጉበታል። ጭቃው ጫማችንን ይነቅለው ነበር። ጥዱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ማጉረምረም ጮኸ፤ ቆምን። ሶሪት የምትባለው ወፍ ነበረች። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች፤ አረንጓዴ ስለሆነች ቅጠሉ ውስጥ ትጠፋለች። ከዚያ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሻገር ክንፏ ተዘረጋ፤ ደም የመሰለ ቀይ!

ልጁ «እሷም ደብቃ ነው የያዘችው፤ እንደ አያቴ ወፍ» አለኝ። ይህን እኔ አልነገርኩትም፤ ራሱ ነው ያገናኘው። «ዝናቡ ግን ቀዩን አያጥበውም?» ብሎ ጠየቀኝ። የሶሪት ቀይ ቀለም ቱራሲን እንደሚባልና ውስጡ መዳብ እንዳለበት፣ መዳቡንም ከምትበላው ፍሬና ቅጠል እንደምታገኘው የነገርኩት ቤት ደርሰን ካነበብኩ በኋላ ነው። ስልኩን የተቀበለኝ ሥዕሏን ለማየት ነበር።

ነሐሴን በሙሉ እማዬ ጋ አሳለፍኩ። ፍልሰታ ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ሻማዋን እያስቀመጠች «ዕጓለ ቋዓት ገባ» አለችኝ። ቃሉን ስሰማው የኖርኩት ነው፤ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም። የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ስትከፍል የነሐሴን አጋማሽ ይዞ የሚሄደውን ጊዜ በቁራ ልጆች ጠርታዋለች፤ እግዚአብሔር ለሚጮኹት የቁራ ጫጩቶች ምግብ ይሰጣል ከሚለው መዝሙር ተነሥታ። ከዘመናት በፊት አንድ ሊቅ ክረምት ላይ ቀና ብሎ ጎጆ ውስጥ የሚጮኹ ጫጩቶችን አዳምጧል ማለት ነው። ያን ዓይን ከየት እንደጣልነው እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። አባቶቻችን ዘመናቸውን በጎጆ ጩኸት ይቆጥሩ ነበር፤ እኔ አርባ ዓመት አልፎኝ የደጄን ወፍ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ ሜዳ አራት ዝይዎች አየሁ። አንገታቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ጀርባቸው ላይ አሳርፈው፣ ብርድ እንደመታው ሰው ኩርምት ብለው ይቆማሉ። ሲነሱ ክንፋቸው ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ አለ። እነዚህ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አገር የላቸውም። እንጦጦ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በደቡቡ በኩል ወደ አዋሽ፣ በኛ በኩል በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው፤ ያ ረግረግ ውሃው ከመሄዱ በፊት የሚያርፍበት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሜዳው ማለቂያ የለውም ነበር። አሁን በየዓመቱ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ይተከልበታል፤ ዝይዎቹን ያየሁትም በሁለት አጥር መሀል በቀረ ቦታ ነው። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ የእናቴ ቤትም የተሠራው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። እሱን ሳስብ አፌ ይያዛል። ግን ደግሞ ከሱሉልታ ሌላ የሚሄዱበት ሜዳ ሲያልቅስ? እነሱ እንደ መስቀል ወፍ ልብስ ቀይረው እኛ መሀል መኖር አይችሉም።

ያልታጨደችው ጥግ

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን። ለሰው እውነት ነው፤ ችቦው ከበራ በኋላ ልባችን ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል። ለወፉ ግን ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ቡሄ ባለፈ ሳምንት ጥቁሩ ወንድ አጥራችን ሥር ሁለት የሣር ዘለላዎችን እያጣመረ ሲሸምን አየሁት። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ ላይ ቆሞ በዙሪያው መንቁሩ እስከደረሰበት ድረስ ይሸምናል።

ሮጬ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። «ዘንድሮ ያቺን ጥግ አናሳጭድም» አልኳት። ዝም አለች። ለእሷ ያልታጨደ ጓሮ ለእንቁጣጣሽ ያልታጠበ ፊት ማለት ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። ትንሽ ቆይታ ግን ከጓዳ ቀይ ክር ይዛ ወጣች፤ ለሹራብ ያስቀመጠችውን። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣ ከአጥሩ ሥር አንድ አልጋ የሚያህል ቦታ በክር ከለልን።

ጳጉሜ 4 ቀን አባባ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ክሩን አይተው ምንም አልጠየቁም። ሌላውን ሁሉ አጭደው ክሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙና ተጎንብሰው ሣሩ ውስጥ አዩ፤ እጃቸውን ግን አላስገቡም። ያን ጊዜ ነው ለብዙ ወር ይዤው የቆየሁትን የጠየቅኳቸው፤ ለምን አምና አልነገሩኝም ብዬ። እንደነገሩኝ እያወቅኩ።

«እኛ ገጠር ሣር በጳጉሜ አናጭድም ልጄ» አሉኝ። «ድርቆሽ የሚታጨደው ሣሩ ዘሩን ጥሎ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ ነው። ያን ጊዜ ወፉም ልጁን አሳድጎ ወጥቷል። በጳጉሜ አጭዱ የሚሉን ግቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሥራ ነው፤ እናጭዳለን።»

ወፉን ለማዳን ተብሎ የወጣ ደንብ አይደለም፤ ለከብቱ የሚሆነው ድርቆሽ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ግን በዚያ ልማድ ውስጥ እንቁላሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ታቅፎ የሚፈለፈልበት፣ ጫጩቱም ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ጎጆ ውስጥ የሚያድግበት ጊዜ ሳይቆጠር ተቆጥሯል። እኛ ሜዳውን ግቢ ስናደርገው የወሰድነው መሬቱን ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ የቀን አቆጣጠሩንም ለውጠንበታል።

አባባ ሂሳባቸውን ተቀብለው አልሄዱም። እማዬ ቡናውን ወደ ጓሮ አወጣችው፤ ረከቦቱን በረንዳው ጠርዝ ላይ አደረገች፤ ሦስታችንም ክሩን እያየን ተቀመጥን። አቦሉ ሳይቀዳ ቡናማዋ ወፍ መጣች። መንቁሯ ላይ አረንጓዴ ትል ይዛለች። ሽቦው ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየችን፤ ማናችንም አልተነቃነቅንም፤ ሣሩ ውስጥ ገባች። የሆነ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ይሁን ሦስት መለየት አይቻልም። ባዶ መንቁሯን ይዛ ወጣች።

«ስንት ናቸው?» አለች እማዬ በሹክሹክታ።

«አላየንም» አሉ አባባ። «ትመለሳለች፤ ቡናውን ቅጂ።»

ቶናው ሳያልቅ አራት ጊዜ ተመለሰች። በጥር ስጡ ሲሰጣ እማዬ ወፎቹን ማባረሯን አልተወችም፤ እህል እህል ነው። ግን ስንዴውን ስታበጥር የሚወጣውን ግርድ እንደ ድሮው ለዶሮ ብቻ አትደፋውም። ከሸራው ራቅ አድርጋ፣ አጥሩ ሥር፣ ክሩ በነበረበት ቦታ ትበትንና «እዚያ ጋ ነው የናንተ» ትላቸዋለች።